ስለ ጆሮ ጩኸት፤ ምክንያቱ፥ አመረማመሩና አያያዙ

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በደራ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች፥ እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል፥ ጆሮው በድንገት ጭው ያለበት ሰው «አሁን ማን ያማኝ ይሆን?» ይላል። (ይህች ደራ በአርሲ የምትገኘው የዶዶታ ወረዳ ከተማ ናት፤ በጎንደርና በሰላሌ ካሉት ደራዎች ጋር አንድ አይደለችም።) ጩኸቱ ጥቂት ቆይቶ ጸጥ ሲል ሰውዬውም ነገሩን ይረሳዋል። እንዲህ ያለው አጭር ጩኸት በጤነኛ ሰው ሁሉ ላይ አልፎ አልፎ የሚደርስ ስለ ሆነ ጕዳት የለበትም፤ የሚያመጣውም ሐሜት አይደለም።

ነገር ግን ጩኸቱ ሳምንትና ወር፥ አልፎም ዓመታት የሚቈይባቸው ሰዎች አሉ። አንዱ እንደ ፌንጣ ድምፅ፥ ሌላው እንደ ፉጨት፥ ሌላውም እንደ ወራጅ ውሃ ወይም ሊፈላ እንደ ቀረበ ጀበና ሆኖ ይሰማዋል። ሌሊት ቤተ ሰቡ ሁሉ ሲተኛ እርሱ ብቻውን ያደምጠዋል፤ በአጠገቡ የተኛችው ሚስቱ ግን ምንም አትሰማም። ስለዚህ አንዳንዱ አእምሮው የተነካ ይመስለዋል፤ አንዳንዱም መንፈስ ያናገረው መስሎት ለማንም ሳይነግር ይጨነቃል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት የሚነገረው ስለ ሐሜት ነው፤ ይሁን እንጂ ስለዚህ ሕመም ተነገረ ቢባልም ያስኬዳል። ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ቤትሆቨን የ30 ዓመት ሰው ሳለ በ1801 ለወዳጁ ለሐኪሙ ለቬገለር በጻፈው ደብዳቤ፥ ጆሮው ሌትና ቀን እንደሚጮኽበት፥ ሕመሙንም ለሰው መናገር ስላፈረ ከማኅበር እንደ ራቀ ገልጦ ነበር። (በዚህ ትምህርት የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐኪሞች ይህን ሕመም ቲኒተስ ይሉታል፤ ቃሉ የላቲን ሲሆን ትርጓሜው ማቃጨል ማለት ነው። ከብዙ አገሮች ተሰብስቦ በ2022 የታተመ ምርመራ፥ ከ100 ዐዋቂዎች 14 ያህሉ ይህ ጩኸት እንደሚሰማቸው፥ 2 ያህሉም ብርቱ ሥቃይ እንዳለባቸው ገምቷል። እንግዲህ በአንድ መንደር ውስጥ ሕመሙ ያለበት ሰው አይታጣም ማለት ነው።

ትኩሳት ራሱ በሽታ ሳይሆን የበሽታ ምልክት እንደ ሆነ ሁሉ የጆሮ ጩኸትም ምልክት ነው። አስተማሪውና ሽማግሌው አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር ይህ ነው። ምልክቱን ያመጣው ነገር አንዳንድ ጊዜ ቀላል ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ምልክቱ በጊዜው ካልታወቀ ሰውዬው ለዘለዓለም ደንቆሮ ሆኖ የሚቀርበት ነው።

ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ ታምቡሩን ይመታል። ከታምቡሩ በስተ ውስጥ በመልካቸው መዶሻ፥ መስፍና እርካብ የተባሉ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አሉ፤ እነርሱም የታምቡሩን መንቀጥቀጥ እየተቀባበሉ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሱታል። ውስጠኛው ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠመዘዘና ውሃ የሞላበት ነው። በዚህም ውስጥ 15,000 ያህል ባለ ጠጕር ሕዋሳት ተሰልፈዋል፤ ውሃው ሲንቀሳቀስ ጠጕራቸው ይጎነበሳል፥ ያን ጊዜም በነርቭ በኩል ወደ አንጎል መልእክት ይሄዳል። ከመግቢያው አጠገብ ያሉት ቀጭኑን ድምፅ፥ ከጫፉ ያሉት ወፍራሙን ይቀበላሉ። እነዚህ ሕዋሳት በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከሞቱ አይተኩም። የሚያስደንቀው ነገር ዶሮ በዚህ ከሰው ትበልጣለች፤ የሞቱት የጆሮዋ ሕዋሳት ተመልሰው እንደሚበቅሉ በ1988 በምርመራ ታውቋል። የሰውም እንዲበቅል ለማድረግ መርማሪዎች እስከ ዛሬ ይደክማሉ።

ከምክንያቶቹ ቀላሉ ኩክ ነው። ኩክ ቀዳዳውን ሲደፍነው የውጭው ድምፅ ይቀንሳል፥ የውስጡም ይጐላል። ኩኩን በክብሪት እንጨት፥ በላባ ወይም በጠጕር መያዣ ማውጣት ይበልጥ ወደ ውስጥ መጠቅጠቅና ታምቡርን መብሳት ነው። መግል የሚወጣው ጆሮም ይጮኻል፤ በልጅነት የተናቀ መግል ታምቡርን ይበሳል፥ አጥንቶቹንም ይበላል። በእንዲህ ያለው ጆሮ ውስጥ የቅጠል ጭማቂ፥ ቅቤ ወይም ሌላ ነገር ማፍሰስ ሕመሙን ያባብሳል እንጂ አያድንም።

ሁለተኛው ምክንያት ብርቱ ድምፅ ነው። በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ሁሉ የሞተር ወፍጮ አለ፤ ባለ ወፍጮው በዱቄት ተሸፍኖ ከጧት እስከ ማታ በሞተሩ አጠገብ ይቆማል። ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ጆሮው ጭው ይላል፤ ሲነጋ ይተወዋል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ሲነጋም አይተወውም። ከዚያም ቤተ ሰቡ «ዛሬ ዛሬ ይጮኽብናል» ይላሉ፤ የሚጮኸው የራሱን ድምፅ በሚገባ ስለማይሰማ መሆኑን አያውቁም። የዓለም የጤና ድርጅት በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ሊሰማ የሚችለው ድምፅ ከ80 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ድምፁ 90 ዴሲቤል ከሆነ የተፈቀደው ጊዜ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። በመንደር የዴሲቤል መለኪያ ስለማይገኝ ይህ ምልክት ይበቃል፤ በአንድ ክንድ ርቀት የቆመን ሰው ለማናገር መጮኽ የሚያስፈልግበት ቦታ ጆሮን የሚጐዳ ነው። ጥጥ በጆሮ መወተፍ ብዙ አይጠቅምም፤ ለዚሁ የተሠራ የጆሮ መድፈኛ ወይም መሸፈኛ ይሻላል። ስለ ሠርግ ቤት ሞንታርቦም እንዲሁ ነው፤ ሕፃን ልጅን አዝሎ በአጠገቡ መቆም አይገባም።

ሦስተኛው ምክንያት መድኀኒት ነው። በዚህ ላይ ረዘም አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ከሁሉ ይልቅ ጕዳቱን በጊዜው ማስቀረት የሚቻለው በዚህ ነውና።

አማርኛ ተናጋሪ ዛሬ ማናቸውንም የሚዋጥ እንክብል «ክኒን» ይለዋል። ቃሉ የመጣው ኩዊኒን ከተባለው የወባ መድኀኒት ነው፤ መድኀኒቱም በደቡብ አሜሪካ ከሚበቅለው ከሲንኮና ዛፍ ልጥ በ1820 ፔልትየና ካቫንቱ በተባሉ ሁለት ፈረንሣውያን ተለይቶ የተገኘ ነው። የአንዱ ስም ለሁሉ መጠሪያ እስኪሆን ድረስ ኩዊኒን በሰፊው ይታወቅ ነበር። በአዋሽ ሸለቆ፥ በወንጂና በቆቃ ዙሪያ እንዳለው ባለ ቆላና ወይና ደጋ አገር ወባ የታወቀ በሽታ ስለ ሆነ፥ ከሽማግሌዎች መካከል ኩዊኒን ወስዶ ጆሮው የጮኸበትን፥ ራሱም የዞረበትን ሰው የማያስታውስ ጥቂት ነው። ያ ጩኸት ከወባው ሳይሆን ከመድኀኒቱ ነበር። መድኀኒቱ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ጩኸቱም ይጠፋል። ዛሬ ለከባድ ወባ በቅድሚያ የሚሰጠው በመርፌ የሚገባው አርቴሱኔት ነው፤ ኩዊኒን ግን ፈጽሞ አልቀረም። አስፕሪንም ራስ ምታት ባስቸገረው ቍጥር በብዛት በሚውጥ ሰው ላይ እንዲሁ ያደርጋል፤ ሲተወው ይተወዋል።

ከእነዚህ የሚለዩና የሚያስፈሩ ሌሎች መድኀኒቶች አሉ፤ እነርሱም በመርፌ የሚሰጡት ስትሬፕቶማይሲን፥ ካናማይሲን፥ አሚካሲንና ጄንታማይሲን ናቸው። ስትሬፕቶማይሲን በ1943 በአሜሪካ በዋክስማን ቤተ ሙከራ ሻትዝ የተባለ ተማሪ ያገኘው የመጀመሪያው የሳንባ ነቀርሳ መድኀኒት ነው። ብዙ ሰው ከሞት አድኗል፤ ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ሳይቈይ በሚወስዱት ሰዎች ላይ ማዞርና የመስማት ጕድለት ታየ። እነዚህ መድኀኒቶች ባለ ጠጕሩን ሕዋስ ይገድላሉና የደረሰው ጕዳት ተመልሶ አይድንም። በመጀመሪያ የሚሞቱት ቀጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት ሕዋሳት ናቸው። ስለዚህ ሕመምተኛው የወፍ ጩኸትን መስማት ሲያቅተው እንኳ የሰውን ንግግር ገና ደኅና አድርጎ ይሰማል፤ ቤተ ሰቡም ሐኪሙም ምንም አያውቁበትም። በዚያን ጊዜ «ጆሮዬ ይጮኻል» ማለቱ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውና ብቸኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ይህን ቃል የሰማው ሰው ንቆ ካለፈው፥ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጕዳቱ ወደ ንግግር ሊደርስ ይችላል።

በኢትዮጵያ የተለመደውን መድኀኒት የሚቋቋመውን የሳንባ ነቀርሳ ማከም የተጀመረው በ2009 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው። ያን ጊዜ ሕክምናው ለብዙ ወራት በየቀኑ መርፌ መወጋትን የሚጠይቅ ነበር፤ በዓለም ሁሉ ከሳንባ ነቀርሳው ድነው መስማታቸውን ያጡ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህም የዓለም የጤና ድርጅት ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን ለዚህ በሽታ እንዳይሰጡ ምክሩን ለወጠ፤ ከ2020 ወዲህም አብዛኛው ሕመምተኛ ቤዳኩዊሊን የተባለው በሚገኝበት በሚዋጥ መድኀኒት ብቻ እንዲታከም መከረ። ሆኖም አሚካሲን ሌላ መድኀኒት ለማይስማማው ሰው አሁንም ይሰጣል፤ ጄንታማይሲንም በየሆስፒታሉ ለብርቱ መመረዝ ይሰጣል። ሕይወት ያድናልና መስጠቱ ስሕተት አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር በጥብቅ ይታሰብ። አንደኛው፥ ጆሮው የጮኸበት ሕመምተኛ መድኀኒቱን በገዛ ፈቃዱ ከቶ አይተው። የሳንባ ነቀርሳ መድኀኒት ያቋረጠ ሰው ሊሞት፥ ቤተ ሰቡንም ሊያስይዝ ይችላል። ማድረግ የሚገባው በዚያው ቀን መድኀኒቱን ለሰጠው ሐኪም መናገር ነው፤ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም መድኀኒቱን ሊለውጥ ይችላል። ሁለተኛው፥ በ1993 እንደ ታወቀው፥ በእናት በኩል የሚወረስ አንድ ጠባይ ያላቸው ሰዎች በጥቂት መርፌ ብቻ ይደነቍራሉ። ወንዱም ሴቱም ከእናቱ ይወርሰዋል፤ ወንዱ ግን ለልጆቹ አያወርሰውም። ይህን ለማወቅ የትውልድን ሐረግ የሚቈጥር ሽማግሌ ከማናቸውም መሣሪያ ይበልጣል። «እናቱ፥ አክስቱ ወይም የእናቱ ወንድም መርፌ ከተወጋ በኋላ ደንቍሮ ነበርን?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱን የሚያውቀው እርሱ ነው።

ከእነዚህ ሌላ እርጅና፥ የራስ መመታት፥ የደም ማነስ፥ የእንቅርት በሽታና አንዳንድ የነርቭ ዕጢ ጩኸት ያመጣሉ። ጩኸት ከብርቱ ማዞርና ከማስታወክ ጋር እየተመላለሰ የሚመጣበትም በሽታ አለ፤ በ1861 በገለጠው ፈረንሣዊ ሐኪም ስም ሜንየር ይባላል።

ድምፅ ከውጭ ሳይመጣ እንዴት ሊሰማ ይችላል? የሚለው ጥያቄ መርማሪዎችን ብዙ ዘመን አድክሟል። ቀድሞ ጩኸቱ የሚወጣው ከጆሮው ውስጥ ይመስላቸው ነበር። ነገር ግን በዕጢ ምክንያት የመስማት ነርቫቸው ከተቈረጠ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ጩኸቱ አልቆመላቸውም። ስለዚህ ጩኸቱን የሚያሰማው አንጎል መሆኑ ታወቀ፤ ከጆሮ ይመጣለት የነበረው መልእክት ሲቀንስበት አንጎል ጆሮውን አቅንቶ እንደሚያዳምጥ ሰው የራሱን ድምፅ ያጐላል። በጦርነት እግሩ የተቈረጠ ሰው የሌለው እግሩ ሲያሳክከው ይህን ይመስላል። በ1953 ሄለርና በርግማን የተባሉ መርማሪዎች መስማታቸው ደኅና የሆነ 80 ሰዎችን ከውጭ ድምፅ በማይገባበት ክፍል ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጠው ነበር፤ ከ100 እጅ 94ቱ በጆሯቸው ወይም በራሳቸው ውስጥ ድምፅ ሰማን አሉ። እንግዲህ ጸጥታ ሲበዛ ጤነኛውም ሰው ይሰማዋል፤ የሕመምተኛው ጩኸት በሌሊት የሚብሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያስትረቦፍ የተባለው ሊቅ ደግሞ በ1990 እንደ ጻፈው፥ ሕመምተኛው ጩኸቱን ሲፈራ አንጎሉ እንደ ጠላት ድምፅ እየጠበቀ ያዳምጠዋል፤ ሲያዳምጠውም ይበልጥ ይጐላል።

ሐኪሙ ሲመረምር አስቀድሞ ጆሮውን በመብራት ያያል። ቀጥሎም ሲመታ የሚያቃጭል ሹካ መሰል ብረት በግንባሩ ላይ አቁሞ ድምፁ በየትኛው ጆሮ እንደሚበረታ ይጠይቀዋል። የዚህን ምሥጢር በትምህርት ቤት ማሳየት ይቻላል፤ ተማሪው አንዱን ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ «እም» ቢል ድምፁ ወደ ተደፈነው ጆሮ ይሄዳል። እንዲሁም በኩክ ወይም በመግል የተደፈነው ጆሮ የብረቱን ድምፅ አጕልቶ ይሰማል፤ ነርቩ ወይም ሕዋሱ የተጐዳው ግን አይሰማውም፥ ድምፁ ወደ ደኅናው ያደላል። በትልልቅ ሆስፒታል ደግሞ ከወፍራም እስከ ቀጭን ድምፅ እያሰማ መስማትን የሚለካ መሣሪያ አለ።

ሕክምናው እንደ ምክንያቱ ነው። ኩክ ከሆነ በጤና ባለሙያ ይታጠባል፤ መግል ከሆነ ጆሮው ይደርቃል፥ ይታከማልም፤ የደም ማነስ ከሆነ ደም እንዲተካ ይደረጋል። ሕዋሱ ከሞተ ግን ጩኸቱን ፈጽሞ የሚያጠፋ የሚዋጥ መድኀኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። የአሜሪካ የጆሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2014 ባወጣው ምክር ጊንኮ፥ ሜላቶኒንና ዚንክ ለዚህ ሕመም እንዳይታዘዙ ተናግሯል፤ «የጆሮ ጩኸት የሚያጠፋ» እየተባለ የሚሸጠውን ሁሉ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የሚረዳው መስማቱ ለቀነሰ ሰው የመስሚያ መሣሪያ ማድረግ ነው፤ የውጭው ድምፅ ሲመለስለት አንጎሉ ማጕላቱን ይቀንሳልና። ደግሞም ፍርሃትንና የእንቅልፍ ማጣትን በንግግር የሚያክም ባለሙያ ይረዳል፤ በእንዲህ ያለው ሕክምና ጩኸቱ ባይጠፋም ሥቃዩ እንደሚቀልል በብዙ ምርመራ ተረጋግጧል።

በመንደር የሚቻለው ጸጥታውን መስበር ነው። ፈረንሣዊው ሐኪም ኢታር በ1821 ባሳተመው የጆሮ በሽታዎች መጽሐፍ የሚንጣጣ እሳትና የሚንጠባጠብ ውሃ ድምፅ ጩኸቱን እንደሚሸፍን ጽፎ ነበር፤ ምክሩ እስከ ዛሬ አልተሻረም። ሌሊት ድምፁ ዝቅ ያለ ራዲዮ ወይም ከእንስራ ወደ ሳፋ የሚንጠባጠብ ውሃ ይበቃል። ድምፁ ጩኸቱን እንዲያለዝበው እንጂ እንዲያሸንፈው አያስፈልግም።

ወደ ሐኪም ሳይውል ሳያድር የሚሄደው ይህ ነው፦ በሦስት ቀን ውስጥ በድንገት መስማት ያቃተው፤ ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ የሆነና ያ ጆሮ መስማቱ የቀነሰ፤ ጩኸቱ እንደ ልብ ትርታ የሚመታ፤ ፊቱ የተጣመመ ወይም ራሱን ከተመታ ወዲህ የጀመረው፤ መርፌ በመውሰድ ላይ ያለ። በድንገት የጠፋ መስማት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ መድኀኒት ካገኘ የመመለስ ተስፋ አለው፤ ከዚያ በኋላ ተስፋው ይመነምናል። የደራ ሕመምተኛ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያም ወደ አዳማ ወይም ወደ አሰላ ሆስፒታል ይላካል፤ ነገሩ ከዚያ ካለፈ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የጆሮ፥ የአፍንጫና የጕሮሮ ሐኪሞች አሉ።

ከመላኩ በፊት አስተማሪው መስማቱን በሹክሹክታ ይፈትነው። ከሕመምተኛው ኋላ በአንድ ክንድ ርቀት ቆሞ፥ አንዱን ጆሮ በጣት አስደፍኖ፥ ሦስት ቍጥሮችን በሹክሹክታ ይንገረው፤ ካልደገማቸው ሌሎች ሦስት ይጨምርለት። ከስድስቱ ሦስቱን መድገም ካልቻለ ያ ጆሮ ደካማ ነው። ሌላውንም ጆሮ እንዲሁ ይፈትን። ቍጥሮቹና ጥያቄዎቹ ሕመምተኛው አፉን በፈታበት ቋንቋ ይሁኑ፤ ኦሮምኛ ተናጋሪውን ሽማግሌ በአማርኛ ፈትኖ «አይሰማም» ማለት ትክክለኛ ፈተና አይደለም።

ከዚህ በኋላ በአንድ ወረቀት ላይ ጩኸቱ የጀመረበትን ቀን፥ በየትኛው ጆሮ እንደ ሆነ፥ የሰውዬውን ሥራ፥ የሹክሹክታውን ፈተና ውጤት፥ ባለፉት ወራት የዋጠውንና የተወጋውን መድኀኒት ሁሉ ጽፎ ይስጠው። የመድኀኒቱን ስም የሚያነብለት ሰው ካልነበረ የመርፌው ባዶ ብልቃጥ ወይም የክኒኑ ወረቀት ተፈልጎ ከወረቀቱ ጋር ታስሮ ይሂድ።